አትቁረጡት፣ አትለጥፉት፣ ላሚኔት አታስደርጉት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከአዳማ

ባለፈው ወር በዚህ ገጽ ላይ ስለማስቀምጣቸው ጋዜጦች ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። የአገር ሐዘን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረባቸውን እትሞች ነው የማስቀምጠው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም። የተቀደደ ጋዜጣ፣ አይጥ የበላው ጋዜጣ፣ ቅቤ የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ሁሉም ፎቶው ይላክልኛል። ለማታውቁኝ፦ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ አዳማ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። ብዙ ወረቀት ሲጠፋ አይቻለሁ። አይጥና ምስጥ ድርሻቸውን ወስደዋል፤ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ግን ወረቀቱን የሚወደው ሰው ነው። የዚህ ወር ደብዳቤዎችም ያንኑ ነው የሚያሳዩት።

ይድረስ ለእትዬ። አባቴ ካረፈ በኋላ ሣጥኑን ስንከፍት የኅዳር 1967 አዲስ ዘመን አገኘን። የስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ግድያ የወጣበት ነው። ፍራንኮ አካባቢ ካፌ አለኝ። የፊት ገጹን ቆርጬ፣ ላሚኔት አስደርጌ፣ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አስቤያለሁ። ለመሆኑ ብሸጠው ስንት ያወጣል?
የአባቱ ልጅ፣ ከአዳማ

ነፍስ ይማር ልጄ። በመጀመሪያ መቀሱን አስቀምጥ።

የጋዜጣ ወረቀት የሚሠራው ከተፈጨ እንጨት ነው። እንጨቱ ውስጥ ያለው ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ አሲድ ያመነጫል፣ ወረቀቱን ከውስጥ ይበላዋል። ላሚኔት ስታስደርገው አሲዱን አብረህ ትቆልፍበታለህ። ደግሞ በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ተመልሶ አይነሳም። ካፌህን አላውቀውም፤ ግን ካፌ ካፌ ነው። ቀን ሙሉ ፀሐይ፣ የማሽኑ እንፋሎት፣ ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ። አባትህ ሣጥን ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ያቆየውን አንተ በጥቂት ክረምት ትጨርሰዋለህ። በጥሩ ካሜራ አንሳውና ኮፒውን በትልቁ አሳትመህ ስቀል። ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ልዩነቱን አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የፊት ገጹን ብቻ ለምን ፈለግከው? የፊት ገጹ የሚነግርህ ደርግ ሕዝቡ እንዲሰማ የፈለገውን ነው። የውስጡ ገጽ ግን አገሩ ያን ሰሞን ምን ሲያደርግ እንደነበር ይነግርሃል። የጨረታ ማስታወቂያው፣ የሲኒማ ቤቱ ፕሮግራም፣ የሙት ዓመት መታሰቢያው፣ የጠፋ መንጃ ፈቃድ። እነዚያ ሰዎች በሌሊት ተረሽነው፣ በማግስቱ ደግሞ አንድ ሰው የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ያነብባል። ይህን የሚያሳይህ ሙሉው እትም ብቻ ነው። ገጹን ከቆረጥክ የቀረህ የደርግ መግለጫ ነው።

ቀኑንም እይ። ግድያው የተፈጸመው ቅዳሜ ኅዳር 14 ሌሊት ነው። ስለዚህ «ኅዳር 14» የሚል ጋዜጣ ላይ ወሬውን አትፈልገው፣ ሊኖር አይችልም። የሚፈለገው የኅዳር 15 እና ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የኅዳር 14ቱን ካገኘህ ግን በፍጹም እንዳትጥለው። እኔ እንዲያውም እሱን አስበልጣለሁ። አገሩ ገና ምንም ሳይሰማ የታተመ ነው። ሌላም ልንገርህ። ብዙ ሰው ስድሳዎቹ በሙሉ አንድ ላይ የተረሸኑ ይመስለዋል። ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከተረሸኑት ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው የደርግ ሊቀ መንበር ጄኔራል አማን አንዶም ግን የሞቱት በዚያው ሌሊት ቤታቸው ተከቦ በተደረገ ተኩስ ነው። ከተገደሉት አንዱም ለፍርድ አልቀረበም። ጋዜጣህን ስታነብ ይህን እያሰብክ አንብበው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 22 ደግሞ የንጉሡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሞት ተነገረ። በሕመም ሞቱ ነው የተባለው። አስከሬናቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ወጣ። ልዩ ዐቃቤ ሕግም ታንቀው ነው የተገደሉት ብሎ ከሰሰ። ቅድስት ሥላሴ የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው። የነሐሴውን ጋዜጣ ያገኘ ሰው የ1984ቱንና የ1993ቱንም ይፈልግ። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ሰው በእጁ ያለው ውሸቱ ብቻ ነው።

ስንት ያወጣል ላልከው፣ ቋሚ ገበያ የለውም። የሚገዛህ ሰው የሚያየው ሙሉ መሆኑን፣ አለመቆረጡን፣ ፕላስተር አለመነካቱን ነው። አሁን ባለበት ሁኔታ የተሻለ ያወጣል። ላሚኔት ከሆነ በኋላ እኔም በነፃ አልወስደውም። ብቻ አትሽጠው።

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ የኅዳር 1989 ጋዜጦችን በካርቶን አስቀምጧል። ኮሞሮስ ባሕር ላይ ስለወደቀው አውሮፕላን የወጡ ናቸው። አማቴ «የሞት ወረቀት ቤት ውስጥ አይቀመጥም፣ ሟርት ነው» ብለው ካርቶኑን ሊያወጡት ነው። የምንኖረው ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ስለሆነ ሻጋታ ጀምሮታል። ምን ላድርግ?
በሁለት ሰው መሀል ያለሁ፣ ከሐዋሳ

እኔ ከአማትሽ ጋር አላጣላሽም፣ እህቴ። ካርቶኑን ከመኝታ ቤት አውጪውና ሌላ ክፍል አድርጊው። ግማሹ ጠብ እዚያው ያልቃል። ለቀረው ግማሽ እንዲህ በያቸው፦ የሟች ፎቶ ሳሎን እንሰቅላለን፣ ተዝካር እናወጣለን፣ የሙት ዓመት ማስታወቂያ ከጋዜጣ ላይ ቆርጠን ዳዊት ውስጥ እናስቀምጣለን። ይሄ ሟርት ካልሆነ የ125 ሰው ስም ያለበት ወረቀት ለምን ሟርት ይሆናል? እሺ ካላሉ ቡና አፍይና አንዱን ገጽ አንብቢላቸው። የእኔ እናትም እንደሳቸው ነበረች። አንድ ጊዜ ከተነበበላት በኋላ «ቀጥይ» ማለት ጀመረች።

ባለቤትሽ የያዘው ቀላል ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው በረራ 961 ነው። ሦስት ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ ካልወሰድከን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አይበቃም ቢላቸውም አልሰሙትም። ነዳጁ አለቀና ኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ለማረፍ ተገደደ። ከ175 ሰዎች 125 ሞቱ። ካፒቴኑ ተርፏል። ከሞቱት አንዱ የኬንያው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነው። በ1977 የኮረምን ረሃብ ቀርፆ ለዓለም ያሳየው እሱ ነው። ቀኑንም እዪው፤ ኅዳር 14 ነው። ከላይ የአዳማው ልጅ የጻፈልኝ ግድያም ኅዳር 14 ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ልዩነት ያለው ያው ቀን።

ሌላም ጥቅም አለው። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የግል ጋዜጦች ወጥተዋል። ስለዚህ በ1989 አንድን አደጋ ከመንግሥት ጋዜጣም ከግል ጋዜጣም ማየት ይቻላል። በ1967 ይሄ የለም። ባለቤትሽ የሁለቱንም ወገን ይዞ ከሆነ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው። አንዱ ስለ ምን ዝም እንዳለ ከሌላው ይታወቃል።

ሻጋታውን በተመለከተ፦ የሻገቱትን ከጤነኞቹ ዛሬውኑ ለዪ። ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ዘርግተሽ አድርቂ። ፀሐይ ላይ አታስጪ፣ ያቃጥለዋል። ሲደርቅ ውጭ አውጥተሽ፣ አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብለሽ አራግፊው። ፍሊት አትንፊበት። ፌስታል ውስጥም አትጠቅልዪው፣ እርጥበቱን ይዞ ያፍነዋል። ካርቶኑ ከውጪኛው ግድግዳ ይራቅ፣ ከመሬትም ከፍ ይበል። አዲስ ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጡትን ትንንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ታውቂያቸዋለሽ? እነሱን ሰብስቢ። ሐዋሳ ላይ ወርቅ ናቸው።

እትዬ፣ የአያቴ ቤት ባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ጭቃ ቤት ነው፣ ሊፈርስ ነው። ውስጡ በሙሉ በጋዜጣ የተለጠፈ ነው። አያቴ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። አልጋው ራስጌ ላይ የ1977ቱ የአዋሽ ባቡር አደጋ ዜና አለ። በውሃ አርሼ ብልጠው ይነሳል?
የባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ፣ ከአዳማ

በውሃ አትንካው! እንዲህ ያለው በዱቄት ሙጫ ነው የሚለጠፈው፣ ሙጫው በውሃ ይለቃል። ግን ሥሩ ያለው ጭቃም አብሮ ይለቃል። በእጅህ የሚቀረው ቡላ ነው።

መጀመሪያ ፎቶ አንሳ። ቤቱን በሙሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ በፍላሽ አታንሳ፣ ያንጸባርቃል። አያትህ የትኛውን ገጽ የት እንደለጠፉትም ታሪክ ነው። የባቡር ሰው የባቡሩን አደጋ ራስጌው ላይ ለጥፎ ይተኛ ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት።

ከዚያ ቤቱ የሚፈርስ ከሆነ ወረቀቱን ከምርጊቱ ለመለየት አትሞክር። ምርጊቱን ከነወረቀቱ ቁረጠው። በዙሪያው ሰፋ አድርገህ በቀጭን መጋዝ ወይም በቢላ ምርጊቱን እስከ ጭራሮው ድረስ ክፈት። ከኋላ እየፈለቀቅክ ጣውላ ላይ አስተኛው። ሁለት ሰው ይጠይቃል። መጀመሪያ ግን ግድ በማይሰጥህ ማዕዘን ላይ ሞክር። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሌላ ጋዜጣ አለ፣ በየዓመት በዓሉ እላዩ ላይ ነው የሚለጠፈው። የጥር 1977ቱን የባቡር ዜና ስታነሳ የንጉሡ ዘመን ሊወጣ ይችላል።

ለወጣቶች ልንገር፦ ያ ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ተብሎ ይጠቀሳል። ግን ወቅቱ የረሃቡ ወቅት ነው። የውጭው ዓለም ወሬ ሁሉ ረሃቡ ላይ ስለነበር ይህ አደጋ ዛሬ የሚታወሰው በባቡር ከተሞች ብቻ ነው። አዳማ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ። አዲስ አበባ ያለ ወጣት ብትጠይቀው አያውቀውም። ስለዚህ ያንን ግድግዳ አደራ።

እትዬ፣ አንድ ነጋዴ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ የዘገበ አዲስ ዘመን ጋዜጣ አለኝ ብሎ ብዙ ብር ጠየቀኝ። ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ልግዛ?
ችኩሉ፣ ከሐዋሳ

አትግዛ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው የካቲት 12 ቀን 1929 ነው። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው ጠላት ከወጣ በኋላ፣ በ1933 ነው። ያልተወለደ ጋዜጣ እንዴት ይዘግባል? የላክልኝ ፎቶ የመታሰቢያ ቀን እትም ይመስላል። በየዓመቱ የካቲት 12 ሲደርስ ይወጣል። እሱም ደህና ነገር ነው፣ ግን በተጠየቅከው ዋጋ አይደለም። ነጋዴው አውቆም ላይሆን ይችላል።

በ1929 በአገራችን ይህን እውነት የሚጽፍ ነፃ ጋዜጣ አልነበረም። ብርሃንና ሰላም ከወረራው ጋር ቆሟል። ያን ጊዜ ስለኛ ይጮህ የነበረው ለንደን ላይ የእንግሊዛዊቷ የሲልቪያ ፓንክረስት ጋዜጣ ነው። ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ይባላል። መጀመሪያ የወጣው ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። የየካቲትን ወሬ በወረቀት የምትፈልግ ከሆነ መንገድህ ወደዚያ ነው። ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቅ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክርም አለ።

አጎቴ ከአሜሪካ የሊንከንን መገደል የዘገበ በፈረንጅ የ1865 ኒው ዮርክ ሄራልድ አመጣልኝ። ሀብታም ሆንኩ?
ዕድለኛው፣ ከአዳማ

አልሆንክም። ያ ጋዜጣ ከኋላ ብዙ ጊዜ ደግሞ ታትሟል፤ ከሚገኙት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ቅጂ ናቸው። እውነተኛው በዚያን ቀን ብቻ በተለያየ ሰዓት እየታደሰ ብዙ ጊዜ ነው የወጣው። አጎትህን አመስግን። ለእንግዳ አሳየው።

እትዬ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የወሎን ረሃብ መጀመሪያ የዘገበውን የአገር ውስጥ ጋዜጣ እየፈለግኩ ነው። ከወር ወር ገለበጥኩ። የ1965ቱንም የ1977ቱንም ማለቴ ነው። ቀኑን ብትነግሪኝ?
ተማሪዋ፣ ከሐዋሳ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ስንት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት መሰለሽ። ከሁሉ የወደድኩት ደብዳቤ ነው።

አውሮፕላን ሲወድቅ ቀን አለው። ረሃብ ግን ቀን የለውም። ስለዚህ «መጀመሪያ የዘገበው» የሚለው እትም እንደ ኅዳር 15 ቁልጭ ብሎ አይወጣልሽም። የ1965ቱ ተደበቀ። ዓለም ያወቀው ጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ሲያሳየው ነው። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀላቅሎ፣ ንጉሡን ባወረደበት ዋዜማ ለሕዝብ አሳየው። መስከረም 2 ቀን 1967 አወረዳቸው። አሁን አስተውዪ። ረሃብን በመደበቅ ንጉሡን የከሰሰው ደርግ ራሱ አሥረኛ ዓመቱን በመስከረም 1977 በታላቅ ሰልፍ ሲያከብር ወሎና ትግራይ እየተራቡ ነበር። ቢቢሲ የኮረምን ምስል ያሳየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። በበዓሉና በዚያ ቀን መካከል ያለው አርባ አንድ ቀን ነው።

ስለዚህ ባዶ እጄን ቀረሁ አትበዪ። እነዚያን የመስከረም ጋዜጦች በተርታ ዘርጊያቸው። ሰልፉን፣ ባንዲራውን፣ የፓርቲ ምሥረታውን አንብቢ። ከዚያ ከጥቅምት 13 በኋላ ያሉትን አጠገባቸው አድርጊ። የትኛው ቀን ላይ ቃሉ እንደተቀየረ ራስሽ ታገኚዋለሽ። «ድርቅ» የሚለው መቼ ገባ? «ረሃብ» የሚለውስ? የስንት ሰው ሕይወት ተባለ? በስንተኛው ገጽ? ለመምህርሽ ይህን ሰንጠረዥ ይዘሽ ግቢ። እኔ ሰብሳቢዎችን ሁሉ የምለምነው ይህንኑ ነው፦ ዜናው ያለበትን ብቻ ሳይሆን መኖር ሲገባው የሌለበትንም እትም አስቀምጡ። ማንም አይፈልገውም፣ ስለዚህ ርካሽ ነው። ቆራሌው በኪሎ ይሸጥላችኋል።

እትዬ፣ አሁን ሁሉም ነገር በስልክ ነው። እኛ ምን እንሰብስብ?
የዘመኑ ልጅ፣ ከአዳማ

መጋቢት 1 ቀን 2011ን አስታውስ። እሑድ ነበር። ወደ ናይሮቢ የተነሳው በረራ 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ጊምቢቹ ወረዳ ላይ ወደቀ። 157 ሰው፣ አንድም አልተረፈም። ቢሾፍቱ ከእኛ ቅርብ ናት፤ አዳማ ሰው ጋዜጣ ሳይጠብቅ በስልክ ሰማ። እኔም የሰማሁት በስልክ ነው። ግን ያን ቀን ስልክህ ላይ የመጣው አሁን የት አለ? ስልኩስ ራሱ የት ገባ? በማግስቱና በዚያ ሳምንት የወጡት ጋዜጦች ግን ካርቶኔ ውስጥ አሉ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ (አይምጣ እንጂ) በማግስቱ በጠዋት ውጣና ጋዜጣውን ሁለት ሁለት ግዛ። አንዱን አንብበው፣ ለጎረቤት አውሰው፣ ይቀደድ። ሌላውን ሳትገልጠው በነጭ ወረቀት ጠቅልለህ ካርቶን ውስጥ አስተኛው። ስፒልና ስቴፕል አታድርግ፣ ይዝጋል። ጋዜጣው ላይ አትጻፍ። በተለየ ብጣሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ የት እንደገዛኸው፣ በስንት ብር እንደገዛኸው ጻፍና አብረህ አስቀምጥ። ስክሪፕቶ አይሁን፣ ይለቃል። ስልክህ ላይ ያየኸውንም ስክሪንሹት አንስተህ በዚያው ሳምንት አሳትመው። ፖስታ ቤቱ አካባቢ ካሉት ማተሚያዎች አንዱ ጋ ስትሄድ ግን ወረቀቱ ነጭና ወፍራም ይሁን በል። ዝም ካልካቸው ስሱን ነው የሚሰጡህ።